እንጀራን መተው ወይስ ማሳነስ?

በአገራችን ሰው ወፈር ሲል «ተመቸው» ይባል ነበር። ብዙ ጊዜ ተለያይተው የተገናኙ ወዳጆችም «አምሮብሃል፤ ሥጋ ጨምረሃል» ቢባባሉ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አልነበረም። ገበሬው ከንጋት እስከ ማታ ከበሬው ጋራ ሲውል የበላውን ሁሉ በላብ ስለሚያወጣው፣ ሥጋ የሚተርፈው እህል የተረፈው ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ለምሳ ብቻ ተነሥቶ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት በታክሲ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በተቀጠረ በሁለተኛው ዓመት ሱሪው አልዘጋ ሲለው እናያለን። ለፈተና ሲያጠና ሌሊቱን በዳቦና በስኳር ሻይ የሚገፋው ተማሪም ከዚህ አያመልጥም።

ሱሪው ያልዘጋለት ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «እንጀራ የሚባል ነገር አትቅመስ» ይለዋል፤ ሌላው «ቅባት ተው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ እራት እንዳይበላ ያዝዘዋል። ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ካርቦሃይድሬትን፣ ማለትም እንደ እንጀራ፣ እንደ ዳቦ፣ እንደ ፓስታ፣ እንደ ሩዝ፣ እንደ ድንችና እንደ ስኳር ያለውን ምግብ ስለ መቀነስ የሚሰጠው ምክር ነው። ይህም ምክር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ብርቱ ነው፤ እህሉን ከማዕድ እስከ ማባረር ይደርሳል። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፤ እህሉን ሳያባርር መጠኑን ያሳንሳል፣ ዓይነቱንም ይመርጣል። እኛ ዛሬ ልናወዳድር ያሰብነው መካከለኛ የሚባሉትን ሥርዓቶች ሲሆን፣ ብርቱውንም ለመመዘኛ ያህል አጠገባቸው እናቆመዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ «መካከለኛ» ሲባል ስንት ነው? ነገሩ በግምት እንዳይቀር ጥቂት ቍጥር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ 4፤ አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ይሰጣል። ሊቃውንቱ ብዙ ጊዜ በሚጠቀሙበት አከፋፈል፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ካሎሪ ውስጥ ከመቶ ከ26 እስከ 45 እጁ ከካርቦሃይድሬት የመጣ እንደ ሆነ አመጋገቡ መካከለኛ ይባላል። ከዚያ በታች ያለው ዝቅተኛ ነው። በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ብቻ የሚፈቅደው ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ይባላል። እንግዲህ በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው ከመቶ 40 እጁን ከካርቦሃይድሬት ቢያደርግ 800 ካሎሪ፣ ማለትም 200 ግራም ይደርሰዋል። ይህ እንኳንስ ረኀብ ሊሆን፣ በብዙ ቤት ጥጋብ ነው።

ወደ ሥርዓቶቹ ከመግባታችን በፊት ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እናስቀድም። ሰውነታችን ከምግብ ካገኘው ስኳር ጥቂቱን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። ይህ ጎተራ እያንዳንዱን ግራም የሚያስቀምጠው ሦስት ግራም ከሚያህል ውሃ ጋራ ነው። ስለዚህ ሰውየው እንጀራና ዳቦ በድንገት ሲቀንስ ጎተራው ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ ሚዛኑም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ስቡ የቀለጠ መስሎት ደስ ይለዋል። በሳምንቱ ሠርግ ተጠርቶ ሲበላ ግን ውሃው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ «ይህ ነገር አይረባም» ብሎ ይተወዋል። የመጀመሪያው ደስታም የኋለኛው ተስፋ መቍረጥም ከስብ ጋራ ያላቸው ግንኙነት ጥቂት ነው። ስብ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ ደኅና አካሄድ ነው፤ ለዚህም ወራት ያስፈልጋሉ።

የዚህን አመጋገብ ዝና በዓለም የዘራው ሐኪም አልነበረም፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ነበር። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የሎንዶን ሰው ነው። የቤተ ሰቡ ድርጅት እጅግ የታወቀ ስለ ነበረ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በ1861 ባረፈ ጊዜ ቀብሩን ያሰናዳው ይኸው ድርጅት ነበር። ባንቲንግ ራሱ ግን ዕድሜው ከስድሳ ዓመት ባለፈ ጊዜ ከውፍረት የተነሣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት ነበር፤ ደረጃም ሲወርድ ጉልበቱ እንዳይከዳው ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር የሚወርደው። ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ያህል ነበር። መድኃኒቱን ፍለጋ ያልሞከረው አልነበረም። ጧት ጧት ጀልባ ቢቀዝፍ ጡንቻው ጠነከረ፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጠነከረና ጭራሽ ወፈረ። በቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ ብዙ ጊዜ ቢታጠብም የቀነሰው ሁለት ሦስት ኪሎ ብቻ ነበር።

በ1862 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ስለ ጆሮው መደንቈር ወደ አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ዊልያም ሃርቬይ ይባላል። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ፓሪስ ሄዶ፣ ክሎድ በርናር የተባለው ዝነኛ ሊቅ ጉበት ስኳርን እንዴት እንደሚሠራና ይህም ከስኳር በሽታ ጋራ ያለውን ግንኙነት ሲያስተምር ሰምቶ ነበርና፣ የባንቲንግ ጆሮ የታመመው ከውፍረቱ የተነሣ ነው ብሎ ገመተ። ስለዚህ ዳቦን፣ ቅቤን፣ ወተትን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን እንዲተው፣ በፈንታው ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠልና ወይን ጠጅ እንዲወስድ አዘዘው። በዓመቱ ባንቲንግ 21 ኪሎ ያህል ቀንሶ ደረጃውን ፊቱን አዙሮ ወረደ። ደስታውንም ለብቻው ሊይዘው አልወደደምና በ1863 በገዛ ገንዘቡ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ በነጻ አደለ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ለመክሳት መጾምን በእርሱ ስም ይጠሩት ጀመር። ስዊድኖችም እስከ ዛሬ ድረስ ለመክሳት ሲሉ ምግብ መቀነስን «ባንታ» ይሉታል። ባንቲንግ እስከ 81 ዓመቱ ኖሮ በ1878 ሞተ።

ስለ ባንቲንግ ይህን ያህል የተናገርነው ታሪኩ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። ዳቦ ጠላ ተብሎ ይወራበት እንጂ፣ ከምግቡ ዝርዝር ውስጥ ለየማዕዱ 30 ግራም ያህል የደረቀ የተጠበሰ ዳቦ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍራፍሬ ነበረበት። ከእርሱ በኋላ የመጡት አክራሪዎች አባታችን ይሉታል፤ እርሱ ግን ዳቦውን አሳነሰ እንጂ አልካደም።

አክራሪ ያልነው የአሜሪካው የልብ ሐኪም ሮበርት አትኪንስ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ሥርዓት ነው። መጀመሪያው በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሃያ ግራም ማለት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያህል ነው። ሥጋው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ያለ ልክ የተፈቀደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ተከተለው።

ከእርሱ በኋላ ሁለት ሰዎች መካከለኛውን መንገድ በየበኩላቸው ቀየሱ። አንደኛው ባሪ ሲርስ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ በ1995 ያወጣው ሥርዓት «ዞን» ይባላል። ሕጉ ቍጥር ነው፤ በያንዳንዱ ማዕድ ከካሎሪው ከመቶ 40 እጁ ካርቦሃይድሬት፣ 30 እጁ ፕሮቲን፣ 30 እጁ ቅባት ይሁን ይላል። ለማይቈጥርም ሰው አቋራጭ አለው፤ ከሳህኑ ሲሶው መዳፍ የሚያህል ቅባት የሌለው ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ሁለት ሲሶው አትክልትና ፍራፍሬ፣ በላዩም ጥቂት የወይራ ዘይት። ሲርስ ይህ ልክ የሰውነትን ሆርሞኖች በልዩ ሚዛን ላይ ያቆማል ብሎ ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ለዚህ ተስፋ የቀረበው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ሳህኑ ግን፣ ሆርሞኑን ትተን ብናየው፣ ደኅና ሳህን ነው።

ሁለተኛው አርተር አጋትስተን ይባላል። በፍሎሪዳ በማያሚ ቢች የልብ ሐኪም ነው፤ ሐኪሞች የልብን የደም ሥሮች በራጅ አይተው የካልስየሙን ክምችት የሚለኩበት ቍጥር በእርሱ ስም ይጠራል። ሥርዓቱን በመጀመሪያ ያዘጋጀው ለገዛ ሕመምተኞቹ ሲሆን፣ በ1 መጽሐፍ አድርጎ ያወጣው በ2003 ነው፤ ስሙም «ሳውዝ ቢች» ነው። እንደ ሲርስ አያስቈጥርም። ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ፍራፍሬና መጠጥ ክልክል ናቸው። በሁለተኛው ደረጃ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ሰውየው ባሰበው ክብደት ላይ ሲደርስ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበት ነው። ሥጋም ቢሆን ጮማውን ትቶ ቀዩን፣ ከቅቤም ይልቅ ዘይትን ይመርጣል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፣ ባቄላና ምስር የመሳሰሉት ጥራጥሬዎች በጥብቁ በ14ቱ ቀን እንኳ አለመከልከላቸው ነው፤ ለምን እንደ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? መጽሐፍ ያሳተመ ሁሉ የራሱን ያመሰግናል። ስለዚህ ደራሲዎቹን ትተን፣ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው አንዱን ክፍል በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ሥርዓት እያበሉ የመዘኑትን መርማሪዎች እንጠይቅ።

በ2005 በቦስተን ከተማ ማይክል ዳንሲንገርና ባልደረቦቹ 160 ሰዎችን ለአራት ከፍለው ለአንድ ዓመት አዩ። ዓመቱ ሲያልቅ የአትኪንስ ክፍል በአማካይ 2.1 ኪሎ፣ የዞን ክፍል 3.2 ኪሎ፣ ካሎሪ እየቈጠረ በማኅበር የሚመካከረው ክፍል 3.0 ኪሎ፣ ቅባትን ፈጽሞ የሚቀንሰው የኦርኒሽ ክፍል 3.3 ኪሎ ቀነሱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚያኰራ አይደለም። የሚያስገርመው ሌላው ቍጥር ነው፤ ሁለቱን ብርቱ ሥርዓቶች፣ አትኪንስንና ኦርኒሽን፣ ከተቀበሉት ግማሽ ያህሉ ዓመቱን ሳይጨርሱ ሲተዉ፣ ከመካከለኞቹ የተዉት ሲሶ ያህል ናቸው። ክብደቱም የቀነሰው እንደ ሥርዓቱ ዓይነት ሳይሆን ሰውየው ለሥርዓቱ እንደ ታመነለት መጠን ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለመካከለኛው ወገን መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን ተቃራኒውንም መሸሸግ አይገባንም። በ2007 በካሊፎርንያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነር 311 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ሲመዝን የአትኪንስ ክፍል 4.7 ኪሎ ቀንሶ አሸነፈ፤ ዞን በ1.6 ኪሎ መጨረሻ ወጣ። ታዲያ ብርቱው ይሻላል እንበልን? እዚህ ላይ ሴቶቹ የበሉትን እንጂ የታዘዙትን ማየት አይበቃም። የአትኪንስ ክፍል በ20 ግራም ጀምሮ በዓመቱ መጨረሻ ሲጠየቅ ከካሎሪው ከመቶ 34 እጅ ያህሉን ከካርቦሃይድሬት ያገኝ ነበር። ይህ በቀደመው አከፋፈላችን መካከለኛ ነው። የዞን ክፍል ደግሞ ከታዘዘው 40 እጅ አልፎ ወደ 45 ተጠግቶ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት ያሸነፉት «አክራሪዎች» ሳያውቁት መካከለኛ ሆነው ነው፤ የተሸነፉት «መካከለኞች» ደግሞ ወደ ቀድሞው ልማዳቸው ተመልሰው ነው።

በ2008 የታተመው ምርመራ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ሰው የተሠራ ይመስላል። አይሪስ ሻይ የተባሉ የእስራኤል ሊቅ በዲሞና የኒውክሌር ምርምር ማእከል ከሚሠሩት መካከል 322 ሰዎችን መርጠው ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። በዚያ አገር ዋናው ማዕድ ምሳ ስለ ሆነ፣ ሠራተኞቹም ምሳቸውን በመሥሪያ ቤቱ የምግብ አዳራሽ ስለሚበሉ፣ መርማሪዎቹ ከወጥ ቤቱ ጋራ ተስማምተው ለየክፍሉ የሚስማማውን ምግብ ምልክት አደረጉበት። ሰውየው ትሪውን ይዞ ሲያልፍ የእርሱን ምልክት አይቶ ማንሣት ብቻ ነበር የቀረው። ከዚህ የተነሣ በዓመቱ ከመቶ 95፣ በሁለተኛውም ዓመት ከመቶ 85 ያህሉ ሳይተዉ ቆዩ፤ በቦስተን ከታየው ጋራ ሲተያይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሁለት ዓመት ቅባት የቀነሱት 2.9 ኪሎ፣ በሜዲትራኒያን አገሮች ልማድ የበሉት 4.4 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 4.7 ኪሎ ቀነሱ። የእነዚህም የመጨረሻዎቹ ሕግ ሁለት ወር በ20 ግራም ተጀምሮ እስከ 120 ግራም የሚደርስ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ግን ካርቦሃይድሬታቸው ከካሎሪያቸው ከመቶ 40 እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ። እነርሱም እንደ ካሊፎርንያዎቹ ሴቶች በራሳቸው እግር መካከለኛው ሥፍራ ደረሱ።

በ2009 የሃርቫርዱ ፍራንክ ሳክስ 811 ሰዎችን ካርቦሃይድሬታቸው ከመቶ ከ35 እስከ 65 እጅ በሚደርስ በአራት ዓይነት ምግብ ላይ አድርጎ ሁለት ዓመት ቢመዝናቸው፣ አራቱም ክፍሎች የቀነሱት ተቀራራቢ ሆነ። ነገር ግን የምክር ስብሰባ ያልቀረ ሰው ከቀረው ይበልጥ ቀነሰ፤ ስሌቱም ለአንድ ስብሰባ 0.2 ኪሎ ያህል ነበር።

ጋርድነር በ2018 እንደ ገና 609 ሰዎችን ይዞ ተነሣ። በዚህ ጊዜ አስተዋይነት ያለበት አንድ ዘዴ አገኘ። ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱት ለመጀመሪያው ጊዜ ወደ 20 ግራም ከወረዱ በኋላ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ እየጨመሩ፣ እያንዳንዱ ሰው «ይህን ዕድሜ ልኬን ልኖርበት እችላለሁ» የሚለው ልክ ላይ እንዲቆም ፈቀደላቸው። ካሎሪ ቍጠሩ አላላቸውም፤ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ተዉ፣ አትክልት አብዙ ብቻ አላቸው። በዓመቱ የቆሙበት ልክ በአማካይ 130 ግራም ያህል ሆነ። የቀነሱትም 6.0 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት ደግሞ 5.3 ኪሎ ሲሆን፣ ይህ ልዩነት በሊቃውንት ዘንድ እንደ ልዩነት አይቈጠርም። በሁለቱም ክፍል ውስጥ ግን 30 ኪሎ ያህል የቀነሰም ነበር፣ 10 ኪሎ ያህል የጨመረም ነበር። ጓደኛውን ያከሳው ሥርዓት እርሱን ባያከሳው ወጣቱ «እኔ ደካማ ነኝ» ብሎ ራሱን እንዳይወቅስ ይህን ቍጥር ያስታውስ።

ከእነዚህ ምርመራዎች እኛ የምናነበው ይህ ነው። ሰው ከ20 ግራም ቢጀምር፣ ከ40 እጅ ቢጀምር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀጥሎ የሚገኘው ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ ባለው ሥፍራ ነው። ከዚህ በታች ብዙው ሰው ረዥም ጊዜ አይኖርም፤ ከዚህ በላይ ያለው ደግሞ የቀድሞ ልማዱ ነው። እንግዲያውስ ኋላ መድረሱ ላይቀር፣ ሰውነትን በሁለት ወር ጭንቅ ሳያንገላቱ ከመጀመሪያው በዚያው ሥፍራ መጀመር ምን ይጎዳል?

አሁን ወደ ማዕዳችን እንምጣ። አጋትስተንና ሲርስ የጻፉት የባሕር ዓሣ፣ የወይራ ዘይትና ብርቱካን በየመደብሩ ለሚያገኝ ሰው ነው፤ በወር ደመወዝ ለሚኖር ወጣት ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ሳህን ማዘዝ ቀልድ ይሆናል። የቍጥሩ ልክ ግን በእኛም ሞሰብ ላይ ይሠራል።

መጀመሪያ ሞሰቡ ሳይቀርብ የሚበላውን እንቍጠር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ወጣቱ በቀን አራት ሻይ ቢጠጣ፣ በያንዳንዱም ሦስት ማንኪያ ቢጨምር፣ 48 ግራም ስኳር ወሰደ፤ ይህም ከ190 ካሎሪ በላይ ነው። ከምሳ ጋራ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ቢያዝ፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ተጨመረለት። ከ200 ግራሙ 80 ያህሉ አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ሄደ ማለት ነው። ለስላሳውን በአምቦ ውሃ፣ ሦስቱን ማንኪያ በአንድ ቢለውጥ ግን 60 ግራም ያህል ያተርፋል፤ ለዚህም መጽሐፍ መግዛት አያስፈልገውም።

እንጀራውስ? «ጤፍ ስለ ሆነ አያወፍርም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጤፍ ብረትና አሰር ያለው ክቡር እህል ነው፤ ነገር ግን ካርቦሃይድሬቱ ከሌላው እህል አያንስም። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሲሶው ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ 300 ግራም የሚመዝን እንጀራ ወደ 100 ግራም ያህል አለበት። አንድ ሙሉ እንጀራ በምሳ፣ አንድ በእራት የሚበላ ሰው የቀን ድርሻውን በሁለት እንጀራ ጨረሰ፤ ለጧቱ ዳቦና ለሻዩ ምንም አልቀረለትም። ግማሽ በምሳ፣ ግማሽ በእራት ቢሆን ግን 100 ግራም ነው፤ የቀረው 100 ለሽሮው፣ ለምስሩ፣ ለፍሬውና ለአንድ ሁለት ሻይ ይበቃል። የግማሹን እንጀራ ቦታ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ፎሶልያ፣ ሲፈቀድም እንቁላልና ዓይብ ይሙሉት። ፓስታን በእንጀራ፣ ሩዝን በእንጀራ፣ ድንች ወጥን በእንጀራ መብላት ግን ካርቦሃይድሬትን በካርቦሃይድሬት ማባላት ነው።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹ የማያውቁት ችግር አለ። የእኛ ሳህን የግል አይደለም። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደ በላ የሚያውቅ የለም፤ በላዩም ጉርሻ አለ፣ ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። በምግብ ቤትም ወጡ ሳያልቅ ጭማሪ እንጀራ ተጠቅልሎ ይመጣል። ቍጥሩን ለመጠበቅ የሚቻለው፣ በእኛ አስተያየት፣ ጭማሪውን በመተው ነው። ትሪው ላይ የተነጠፈውን ከባልንጀሮች ጋራ እየተጫወቱ መብላት፣ የተጠቀለለውን አለመንካት። ይህን ማንም አያስተውልም፤ ባለቤትም አይቀየምም።

የጾሙ ነገር ደግሞ ሰፊ ነው። ረቡዕንና ዓርብን፣ የሁዳዴንም 55 ቀን የሚጾም ሰው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ስለ ሆነ፣ የአትኪንስ ሥርዓት ገና ከበሩ ይቀርበታል። መካከለኛው ግን አይቀርበትም። በካናዳ በቶሮንቶ ዴቪድ ጄንኪንስ የተባሉ ሊቅ በ2009 ባወጡት ምርመራ፣ 47 ወፍራም ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ክፍል ከእንስሳት የተገኘ ምንም የሌለበት፣ ካርቦሃይድሬቱም ከመቶ 26 እጅ የሆነ ምግብ ለአራት ሳምንት ሰጡ። ፕሮቲኑ ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴ ፕሮቲንና ከለውዝ ዓይነቶች ነበር። በሁለቱም ክፍል ያሉት 4 ኪሎ ያህል ቀነሱ፤ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ግን መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ይበልጥ ወረደ። ምርመራው አጭር ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ያለ ሥጋ ይህ ነገር አይቻልም የሚለውን ቃል ያፈርሳል።

አጋትስተን ጥራጥሬን ያልከለከለበትም ምክንያት ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ ግን 8 ግራም ያህሉ የማይፈጭ አሰር ነው፤ ፕሮቲኑም 9 ግራም ነው። ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ያጠግባል። ስለዚህ የጾም ቀን ማዕድ ወጡን አብዝቶ እንጀራውን አሳንሶ ቢቀርብ፣ ሳይጠሩት መካከለኛ ይሆናል። መጠንቀቅ የሚገባው ዘይቱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ሽሮው በዘይት የሚዋኝ ከሆነ ከእንጀራው የተረፈው ካሎሪ በወጡ በኩል ተመልሶ ይገባል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ክብደቱ በእርግጥ ለበዛበት ሰው ነው። አጥንቱ የሚቈጠር ተማሪ ፊልም አይቶ ልክሳ ቢል፣ ያጠናውም አይገባውም። ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ኩላሊቱንም የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሞክሩት። ከሁሉ ይልቅ የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ይጠንቀቅ። የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነው በቀድሞው እንጀራ ልክ ነው፤ እንጀራው በድንገት ግማሽ ሆኖ መድኃኒቱ እንደ ነበረ ቢቀር፣ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ላብ ያሰምጠዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ምግቡን በደብተር ጽፎ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ካስተካከለለት በኋላ እንጀራውን ይቍረጥ።